ማን ይፈርምለት

እኔ የቤተ መቅደስ ጠባቂ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ያን ሐምሌ መንደሩ በሙሉ ሐኪም አድርጎኝ ስለነበረ ነው። የኛ መንደር በታይዋን በምዕራቡ ባሕር ዳር ያለች፣ ኦይስተር የሚባለውን ባለ ቅርፊት የባሕር ፍጥረት እያረባች፣ ቅርፊቱን እየፈለቀቀች ሥጋውን ሸጣ የምትኖር ትንሽ መንደር ናት። ሐኪም ቤት የላትም፤ የባሕሯ እናት የማጾ ቤተ መቅደስ ግን አላት፣ እኔም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠርጌዋለሁ። ጀልባ የዘገየበት ወደ ማጾ ይሮጣል፣ ልጁ ፈተና የወደቀበት ወደ ማጾ ይሮጣል፣ ምራቷን የጠላች አማትም ሳትቀር መጥታ ታማርራለች። እኔ ሻማውን አበራለሁ፣ ዐመዱን እጠርጋለሁ፣ የሰማሁትን ደግሞ ሆድ ይፍጀው ብዬ እቀመጣለሁ።

መጠየቂያው ሁለት እንጨት ነው። ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ፣ አንድ ጎናቸው ጠፍጣፋ፣ ሌላው ጎናቸው ጎባባ። ተንበርክከህ ስምህን፣ የተወለድክበትን ቀንና አድራሻህን ትነግራታለህ፤ በቀን ስንቱን ስትሰማ የምትውል፣ ማን እንደሆንክ በምን ታውቃለች። ከዚያ ጥያቄህን ታቀርብና እንጨቶቹን ትጥላለህ። አንዱ ጠፍጣፋ፣ አንዱ ጎባባ ሆኖ ከወጣ አዎ አለች። ሁለቱም ጎባባቸውን ካሳዩህ እምቢ አለች። ሁለቱም ጠፍጣፋቸውን ካሳዩህ እየሳቀችብህ ነው፤ ሂድና ጥያቄህን አስተካክለህ ና ማለቷ ነው። ለከባድ ጉዳይ ሦስት አዎ ተከታትሎ መምጣት አለበት።

ያን ሐምሌ ጥያቄው ሁሉ አንድ ሆነ፤ የዚያን የሳንባ ወረርሽኝ ክትባት ልከተብ ወይስ ይቅርብኝ። የኛ ሰው ክፉ አይደለም፣ ግን ሌላው ቀድሞ ውሃው ውስጥ ይግባና ጥልቀቱን ልይ ባይ ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠብቃል፣ ያ ጎረቤት አማቹን ይጠብቃል፣ አማቹ ደግሞ ቴሌቪዥኑን ይጠብቃል። በዚህ መሀል አባባ ሂን ሰኞ ተከትበው ቅዳሜ ሞቱ። ዘጠና ሁለት ዓመታቸው ነበር። ለቀብራቸው የሚሆን ፎቶ ከተነሡ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል፣ የሚቀበሩበትን ልብስ ራሳቸው መርጠው አስተኩሰው ሰቅለውታል፣ እኛም ዛሬ ናቸው ነገ ናቸው ስንል ከርመናል። ያንን ግን አንድም ሰው አላስታወሰም። መርፌው በላቸው ተባለ፣ አለቀ። በዚያው ሳምንት በገበያ ከተማው ስድስት ሰው በበሽታው ሞቷል፤ እነሱን አናውቃቸውም። የማናውቀው ስድስት ሰው ቁጥር ነው፣ አባባ ሂን ግን አባባ ሂን ናቸው። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ መንደሩ ከዚያ በኋላ የልብስ መርፌ እንኳ ፈራ።

እኔ ተከትቤያለሁ። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ፔይ-ሹን የምትባለው የገበያ ከተማው ጤና ጣቢያ ነርስ ሞተር ብስክሌቷ ላይ አፈናጥጣ ወስዳኝ ነው፣ እምቢ ለማለት ጊዜ አልሰጠችኝም። አንድ ቀን አተኮሰኝ፣ ክንዴ ከበደኝ፣ በቃ። ከዚያ ሳምንት ሙሉ ሰው ሊያየኝ መጣ። «እስቲ እጅህን ወደ ላይ አንሣ» ይላል አንዱ። «ገርጥተሃል ልበል?» ትላለች ሌላዋ። በስምንተኛውም ቀን በሕይወት ስገኝ አንዳንዶቹን ቅር ያላቸው መሰለኝ። ቢሆንም አሥራ ሰባት ሰው እኔን አይቶ ሄዶ ተከተበ። ፔይ-ሹን ወር ሙሉ ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ከተናገረችው የእኔ ክንድ በለጠ ማለት ነው፤ ይህን ስነግራት ተናደደችብኝ።

የማወራችሁ ግን ስለ እህቴ ነው። እህቴ ቦንግ-ዮ ትባላለች፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ስሟ በኛ ቋንቋ «እስቲ ትደግ» እንደማለት ነው። ወንድ ሲጠብቅ ሴት ስትመጣበት አባታችን ያወጣላት ስም ነው፤ ነፍሱን ይማረውና በዚህ ነገር እስከ ዛሬ አልታረቅኩትም። ያቺ እስቲ ትደግ የተባለች ልጅ ናት እኔን ያሳደገችኝ። እናታችን ባሕር ስትወርድ እህቴ እኔን በጀርባዋ አዝላ ነበር ኦይስተር የምትፈለቅቀው፤ እጇ ላይ ያለውን ጠባሳ ሁሉ አውቀዋለሁ። በዚህች ዓለም ከእሷ አስበልጬ የምወደው ሰው የለም፣ ሚስቴም ይህን እያወቀች ነው የሞተችው።

ባሏ ጋሼ ቹን-ላይ የቀርከሃ ታንኳ ነጂ ነበር። ተረበኛ ነበር፣ አፉ ነጋዴ ያስለቅሳል። ዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑ ሰለለ፣ ምላሱም ታሰረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከአፉ አንድ ቃል አልወጣም። እህቴ ታጥበዋለች፣ በየሁለት ሰዓቱ ታገላብጠዋለች፣ የሩዝ ገንፎ በማንኪያ ታጎርሰዋለች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ጀርባው ላይ አንዲት የአልጋ ቁስል አልወጣችም። ፔይ-ሹን ይህን አይታ፣ በሐኪም ቤት እንኳ እንዲህ ያለ አላየሁም ብላለች።

እንግዲህ ጣጣው የመጣው ለዚህ ሰው ነው። ሐሙስ ዕለት የጤና ጣቢያው ሐኪም ከአልጋ ለማይነሡት ሰዎች ቤት ለቤት እየዞረ ሊከትብ ሆነ፣ እነሱ መናገር ካልቻሉም ቤተሰብ ወረቀት ላይ መፈረም አለበት። ፔይ-ሹን እሑድ ወረቀቱን ይዛ ስትመጣ እኔም እዚያው ነበርኩ። እህቴ ለራሷ ከወር በፊት ዓይኗን ሳታሽ ሄዳ ተወግታለች። «እኔ ከሞትኩ ሞትኩ፣ ማንም አይጠየቅብኝ» ብላ ነው የሄደችው። ስለዚህ ፔይ-ሹን ፊርማው የደቂቃ ሥራ መስሏት ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም።

«እማማ፣ እዚህ ጋ ስምዎን ይጻፉልኝ።»

እህቴ እስክሪብቶውን አልነካችውም። «ይሄ ነገር አደጋ የለውም?»

«ከባድ ነገር የሚገጥመው ከሚሊዮን አንድ ሁለት ሰው ቢሆን ነው።»

«አንዱ ማነው?»

«ማለት?»

«ከሚሊዮኑ አንዱ። ስም የለውም? ሚስት የለችውም?»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔ ሻዬን አነሣሁ።

«እኔ እኮ ሚሊዮን ባል የለኝም» አለች እህቴ። «ያለኝ ያ የተኛው ነው።»

አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባል የለ። ነርሷ ጫማዋን አወለቀችና ተቀመጠች፤ ይህች ልጅ ብልህ ናት አልኩ በሆዴ። ቀስ ብላ፣ «እማማ፣ ባይከተቡና በሽታው ቢገባባቸውስ? በዚህ ሳንባ የሚተርፉ ይመስልዎታል?» አለቻት።

«ቢገባ በሽታው ገባ ነዋ። እኔ አላስገባሁትም።»

«ሰውዬው ግን ያው ይሞታሉ።»

«ይሞታል። ግን እኔ አልፈረምኩም።»

ነገሩ ያኔ ነው የገባኝ። እህቴ መርፌውን አልፈራችም፤ ፊርማዋን ነው የፈራችው። ነርሷን ሸኝታ ለልጇ ለቢንግ-ኩን ታይፔ ደወለች። ቢንግ-ኩን ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው፣ በአንድ ድርጅት ትልቅ ሰው ነው፣ ስር ስሩ የሚሉ ሰዎች አሉት። ምን አለ መሰላችሁ? «እማዬ፣ አንቺ ነሽ አጠገቡ ያለሽው፣ አንቺ የመሰለሽን አድርጊ።» ሐኪሙም ቀደም ብሎ በስልክ እንደ ቤተሰቡ ፍላጎት ነው ብሏት ነበር። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ዞሮ ተመልሶ እሷ እግር ሥር ወደቀ። እኔንም አብራችሁ ቁጠሩኝ፤ እኔም ያን ቀን ሻዬን ጠጥቼ፣ «አስቢበት» ብያት ነው የወጣሁት።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ቤተ መቅደሱ መጣች። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሳለች፣ ሦስት ዘይቱን ፍሬ ለማጾ ይዛለች፣ ወረቀቱ አራት ቦታ ታጥፎ ኪሷ ውስጥ አለ። ለእኔ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠኝ ተንበረከከች። የባሏን ስም፣ የተወለደበትን ቀን፣ አድራሻቸውን ተናገረች። «እናታችን፣ ቹን-ላይን መርፌ ላስወጋው ወይ?» አለችና ጣለቻቸው። ሁለቱም ጠፍጣፋ ሆነው ወጡ፣ ማጾ ሳቀችባት። ደግማ ጣለች። ሁለቱም ጎባባ ሆኑ፤ እምቢ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይለምናል። ይጨቃጨቃል። አንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ልግዛ ወይ ብሎ ሃያ ሁለት ጊዜ ሲጥል አይቻለሁ። እህቴ ግን ያቺን አንዲት እምቢ እንዳገኘች እንጨቶቹን አንሥታ ሳመቻቸውና ቦታቸው መለሰቻቸው። ፊቷ በርቷል። ጀርባዋ ላይ የነበረ ከረጢት ሰው ያወረደላት ይመስል ቀና ብላ ቆመች።

«በቃ» አለችኝ። «ሰማህ አይደል? እኔ አይደለሁም እምቢ ያልኩት።»

«ሰማሁ።»

«ማጾ ዘይቱኑን ስትጨርስ አንዱን ብላው፣ ከስተሃል።»

እየተራመደች ወጣች። እኔ ግን ደስ ሊለኝ አልቻለም። ምክንያቱም እሷ የማታውቀውን ፔይ-ሹን ጠዋት ነግራኛለች፤ ከእህቴ ጋር አንድ መጠለያ ውስጥ ኦይስተር ከሚፈለቅቁት ሴቶች ሁለቱ በበሽታው ተይዘዋል። አንደኛዋ ከእሷ ጎን በርጩማዋን አስጠግታ የምትቀመጠዋ ናት። እህቴ ራሷ ምንም ሳይሰማት ይዛው ወደ ቤት ልትገባ ትችላለች፣ ባሏ ደግሞ አክታውን እንኳ ራሱ መትፋት አይችልም። «አባባ፣ ሐሙስ ካመለጠ ሐኪሙ ሌላ ጊዜ የሚመጣው ከወር በኋላ ነው» ብላኛለች ፔይ-ሹን። ይህን ሮጬ ለእህቴ ብነግራት ምን እንደምትል አውቅ ነበር፤ ከመጠለያው ትቀራለች፣ በሩን ትዘጋለች፣ መፈረሙን ግን አትፈርምም። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የሚሉት ይሄንን ነው።

አሁን አንድ ምስጢር ልንገራችሁ፤ ማጾ ታውቀዋለች፣ ስለዚህ ከእሷ የተደበቀ አይደለም። በቁም ሣጥኑ ውስጥ በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ያረጀ ጥንድ አለ። አንደኛው እንጨት ሆዱ ከብዙ ዘመን ውርወራ ስላለቀ በጎባባ ጀርባው መንጋለል ይወዳል። ሌላኛው አንድ ጊዜ ተሰንጥቆ ስለተጠገነ በጠፍጣፋ ሆዱ መተኛት ይወዳል። ስለዚህ ከአሥር ስምንቱን ጊዜ አዎ ይላሉ። ከእኔ በፊት የነበሩት ጠባቂ ሲያስረክቡኝ፣ «ይሄ ምጥ ለያዛት ሴት እናት ነው፣ ደግሞ ባሕር ላይ ሰው ለጠፋበት። ለሌላ አታውጣው» ብለውኛል። በሠላሳ ዓመት አራት ጊዜ ነው ያወጣሁት፤ አራቱንም ጊዜ ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ረቡዕ ጠዋት አወጣሁት። ማጾ ፊት ቆሜ፣ «ከቀጣሽ እኔን ቅጪኝ» አልኩና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ከዚያ ሄጄ እህቴን ከበሯ ላይ ጠራኋት።

«ጥያቄሽ ጥያቄ አልነበረም» አልኳት። «ላስወጋው ወይ ብለሽ ትጠይቂያታለሽ? እናት ሆና ልጇን ውጊው የምትል ማን ናት? እኔም ብሆን እምቢ እል ነበር። መጀመሪያም የሳቀችብሽ ለዚህ ነው።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ከተከተበ ትጠብቂልኛለሽ ወይ በያት።»

ተጠራጠረች፣ ግን በእንጨት ጉዳይ አዋቂው እኔ ነኝ። መጣች፣ ተንበረከከች፣ እንዳልኳት ጠየቀች። ጣለች፤ አዎ። ጣለች፤ አዎ። ለሦስተኛው እጇን ስታነሣ ግን ቆመች። አንዱን እንጨት በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፣ የተጠገነበት ስንጥቅ ላይ ደረሰችና ጣቷ እዚያው ቀረ።

«ይሄ የምጡ ጥንድ ነው» አለች።

ቀዩን ጨርቅ ከጠረጴዛው ላይ አንሥቼ አጠፍኩ።

«ቢንግ-ኩንን ሦስት ቀን ሳምጥ እማማ የጣለችው ይሄንን ነው። እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት ሴት ልጅ ሆኜ ይሄን ወለል ስጠርግ፣ አሮጌው ጠባቂ ሲጠግኑት ሙጫውን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። አንተ ያኔ አፍንጫህን መጥረግ አታውቅም ነበር።» ቀና ብላ አየችኝ። «መቼ አወጣኸው?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«ለእኔ ብለህ?»

«ለአንቺ ብዬ።»

«እንግዲያ አዎ ያለችው ማጾ አይደለችም። አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ።»

«ቢሞትብኝስ?»

«ወንድሜ ቴክ-ሁዋ ገደለው በይ» አልኳት። ነገሩን ከጀመርኩት በኋላ ማቆም አልቻልኩም። «ለቢንግ-ኩን ንገሪው፣ ለመንደሩም ንገሪ፣ በቀብሩም ላይ በሰው ፊት ተናገሪኝ። ወረቀቱን አምጪው፣ እኔ እፈርማለሁ። ባለፈው እሑድ ነበር መፈረም የነበረብኝ፤ ፈርቼ ነው ሻዬን ጠጥቼ የወጣሁት። መጠለያው ውስጥ ከጎንሽ የምትቀመጠዋ ሴትዮ ታማለች፣ እትዬ። በሽታው በርሽ ላይ ነው።»

የምትጮህብኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን እንጨቶቹን ደረቷ ላይ ይዛ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ከዚያ ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ድምፅ ወጣት።

«አንተ ልጅ» አለች፣ «አንዲት ቅርጫት ኦይስተር መሸከም ያቃተህ ሰውዬ፣ ይሄንን ልትሸከምልኝ?»

«ልሞክር።»

«አትችለውም። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሞክሬ አልቻልኩም።»

ያኔ ነገረችኝ። ጋሼ ቹን-ላይ ስትሮክ የመታው ዕለት ጠዋት ራሴን አመመኝ፣ ዛሬ ልተኛ ብሏት ነበር። ማዕበል እየመጣ ነው ተብሏል፣ ታንኳው አልታሰረም። «ሰነፍ አትሁን፣ ሂድና ታንኳህን እሰር አልኩት» አለችኝ። «ሄደ። ከዚያ አራት ሰዎች ተሸክመው መለሱልኝ። እኔ ነኝ ሂድ ያልኩት፣ ቴክ-ሁዋ። ለእሱ የወሰንኩት የመጨረሻ ነገር ያ ነው። ከዚያ ወዲህ ሸሚዙን እንኳ ስመርጥ እጄ ይፈራል።»

ሰባ አንድ ዓመት አብሬያት ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር። አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፣ ጉልበቴ ለመቀመጥ ብዙ ጊዜ ይፈልጋል፣ እሷም እስክቀመጥ ጠበቀችኝ።

«ጋሼ ራሱስ ምን ይላል?» አልኳት።

«ስለ ምኑ?»

«ስለ መርፌው።»

እብድ እንደምታይ አየችኝ። «እሱ ይናገራል እንዴ?»

«ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?»

እንጨቶቹን ወለሉ ላይ አኖረች። መጀመሪያዎቹ ወራት ትጠይቀው ነበር፤ ራበህ ወይ፣ አመመህ ወይ። ያኔ ጭንቅላቱንም ማዘዝ አይችልም ነበርና መልስ ሲያጣ ያለቅሳል። እሱ ሲያለቅስ እሷ ታለቅሳለች። አንድ ቀን ሁለተኛ ምንም አልጠይቀውም ብላ ማለች፣ ከዚያ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ታወራዋለች፣ ትቀልድበታለች፣ የሐሜቱን ሁሉ ታወርድለታለች፣ ጥያቄ ግን የለም። «ደግሞ እውነቱን ልንገርህ» አለችኝ። «አንዱን ጥያቄ ከጀመርኩ ሌላኛውን እንዳልጠይቀው ፈርቼ ነው።»

ሁለታችንም ተነሣንና ወደ ቤቷ ሄድን። ጋሼ ቹን-ላይ ትራስ ተደግፎ ቴሌቪዥን ያያል። እህቴ ቴሌቪዥኑን ዘጋችው። ይህን አድርጋ ስለማታውቅ ዞሮ አያት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ወረቀቱን ከኪሷ አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው፣ ወደ ተማሪ ቤት እንደ ገባች ልጅ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ቹን-ላይ፣ በሽታው ሰፈሩ ገብቷል። ነገ ሐኪም ይመጣል፣ ክትባት አለው። ሊያተኩስህ ይችላል። ከዚያም የባሰ ሊሆን ይችላል፣ ግን እምብዛም ነው ይላሉ። ካልተከተብክ ደግሞ በሽታው ከያዘህ አትችለውም።» ወረቀቱን በመዳፏ አስተካከለች። «ትፈልጋለህ?»

ዓይኖቹ እንባ ሞሉ። እህቴ ወዲያው ወረቀቱን ማጠፍ ጀመረች፣ «ይኸው፣ አላልኩህም?» አለችኝ።

«ተይው፣ ያልቅስ» አልኳት። «ማልቀስ መልስ መከልከል አይደለም።»

አለቀሰ። አሥራ አንድ ዓመት ማንም ያልጠየቀው ሰው ሲጠየቅ ምን ያድርግ። ሲጨርስ ግራ እጁን አነሣ። አየሩን ጨበጥ ለቀቅ አደረገው፣ እኛ አልገባንም፤ እጁን ወደ ጉልበቷ ዘረጋና የታጠፈውን ወረቀት ያዘ። እህቴ እስክሪብቶውን ሰጠችው። ልትይዝለት ሞከረች፣ እሱ ግን በክርኑ ገፋት። ያ የድሮው ቹን-ላይ ነበር፤ ታንኳ ላይ ማንም እንዲረዳው የማይፈልገው። አንድ ጠማማ መስመር ጎተተ፣ በጣም ረጅም፣ ከወረቀቱ አልፎ ብርድ ልብሱ ላይ የወጣ።

ሐሙስ ፔይ-ሹን ወረቀቱን አይታ፣ «እማማ፣ ይሄ ምንድነው? ልጅ ነካክቶት ነው?» አለች።

«የባሌ ፊርማ ነው» አለች እህቴ፣ ተቀብላትም ከሥሩ ቦንግ-ዮ ብላ በትልልቁ ጻፈች። ቢንግ-ኩን ይህን በስልክ ሲሰማ፣ «የኔንም ስም ጨምሩበት» አለ፤ ልጅ መቼም ልጅ ነው።

ዓርብ ጠዋት አተኮሰው። ሠላሳ ስምንት ከምናምን። እህቴ ደውላ «ና» አለችኝ፣ ስለዚህ የቤተ መቅደሱን በር ለማጾ ትቼ ሄድኩ። ግንባሩን በረጠበ ጨርቅ እያበሰች አገኘኋት። ፊቷ አመድ መስሏል።

«አሁንም ያደረግኩት እኔ ነኝ» አለች።

«እኔም አለሁበት» አልኳት።

«እኔ ነኝ።» ጨርቁን ሳህኑ ውስጥ ጣለችውና ወደ ባሏ ጎንበስ አለች። እኔ እዚያ መኖሬን የረሳችኝ ይመስለኛል። «ቹን-ላይ፣ ሳትሄድብኝ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ጠዋት ራሴን አመመኝ ስትለኝ ሂድ ብዬ የላክሁህ እኔ ነኝ። ተቀይመህብኛል?»

ዓይኑን ገለጠ። በትኩሳት የቀላ ዓይን ነው፣ ግን እሷን ነበር የሚያየው። ከዚያ ራሱን ከትራሱ ላይ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ አዞረ። አልተቀየምኩም ማለቱ ነበር። ያልገባት መስሎት ደገመው፣ ሲደግመውም አንዱ ከንፈሩ ፈገግ አለ፤ ሌላኛው አይታዘዝለትም። አሥራ አንድ ዓመት የፈራችው መልስ ይኸው ነበር።

እህቴ ግንባሯን ደረቱ ላይ ደፋች። እኔ የሩዝ ገንፎ የሚያስፈልግ መስሎኝ ወደ ማብሰያው ሄድኩ፤ ገንፎው ተዘጋጅቶ ተከድኗል፣ ስለዚህ እዚያው ቆሜ ክዳኑን እያየሁ አለቀስኩ።

ቅዳሜ ወደ ማታ ትኩሳቱ ወረደ። «እንኳን ደስ አለሽ፣ ማጾ ረዳችሽ» አልኳት በሩ ላይ። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«ባይወርድም ኖሮ» አለችኝ፣ «እኔ ጠይቄዋለሁ፣ እሱም መልሶልኛል።»